አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ ከመግዛታችሁ በፊት ቀፎው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ

ይህን የምጽፈው እዚህ ሚኔሶታ ያገለገለ የሞተር ጀልባ ለመግዛት የሚያስቡ ወገኖች እየበዙ ስለመጡና እኔ በገዛሁበት ጊዜ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ለገዢ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ስለ ሞተሩ ነው፤ ሞተር ግን ከጀልባው፣ ከተሳቢውና ከወረቀቱ ይልቅ ለመመርመርም ለመተካትም የሚቀል ነገር ነው። የእኔን አንድ ሙሉ የዓሣ ወቅት የበላብኝ ሞተሩም የሚያፈሰው ቀፎም (የጀልባው አካል) አልነበረም፤ ጀልባው የተሠራበት ወር ነበር።

ሉንድ፣ አሉማክራፍትና ክሬስትላይነር የተባሉት ሦስቱ ታዋቂ ስሞች ከዚሁ ክፍለ ግዛት የተነሡ በመሆናቸው፣ የአርባና የሃምሳ ዓመት ጀልባ በየሰው ጓሮ ሸራ ለብሶ ቆሞ ይገኛል። ንጹሕ አሉሚኒየም በሐይቅ ውሃ እንደ ብረት አይዝግም፤ ስለዚህ ዕድሜው ብቻውን ማንንም ሊያስፈራ አይገባም። ሊያስፈራ የሚገባው ከአሉሚኒየሙ ጋር አብሮ የተሠራው እንጨትና ፎም ነው።

የሪቬቱን፣ ማለት የአሉሚኒየሙን ሉሖች የሚያያይዙትን ምስማሮች፣ ምርመራ በአጭሩ ልለፈው። ጀልባው ተሳቢው ላይ እንዳለ የማፍሰሻውን ቡሽ ዘግታችሁ ጥቂት ኢንች ውሃ ትሞሉበታላችሁ፤ ከዚያም ከሥሩ ገብታችሁ የሚያንጠባጥበውን ሪቬት ሁሉ በጠመኔ ታከብቡታላችሁ። አንድ ጋሎን ውሃ ከ8 ፓውንድ በላይ ስለሚመዝን አብዝታችሁ አትሙሉ። ጥቂት የሚያንጠባጥቡ ሪቬቶች ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማሉ እንጂ ግዢውን ለመተው ምክንያት አይሆኑም።

ሞተሩ የሚሰቀልበት የኋላ ግድግዳ፣ ትራንሰም የሚሉት፣ ከውጭ አሉሚኒየም ይምሰል እንጂ ውስጡ ኮምፔርሳቶ ነው። ሞተሩን ወደ ላይ አንሥታችሁ እግሩን በእጃችሁ ወደ ታች ስትጫኑት ግድግዳው አብሮ ከተንቀሳቀሰ፣ እንጨቱ በስብሷል ማለት ነው። ሻጩ «በቅርቡ አድሼዋለሁ» ካለ ደግሞ የበለጠ ተጠራጠሩ፤ በምን ዓይነት እንጨት እንዳደሰው ጠይቁት። ከ2004 ወዲህ ለበረንዳ መሥሪያ የሚሸጠው መድኃኒት የተነከረ እንጨት አብዛኛው ብዙ መዳብ ያለበት ነው፤ መዳብ ደግሞ እርጥበት ባለበት ከአሉሚኒየም ጋር ሲነካካ አሉሚኒየሙን እየበላ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ቀዳዳዎች ያወጣበታል። አንድ ሌላ ጀልባ የተውሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ወለሉ አዲስና ያማረ ነበር፣ ከጠርዙ ሥር ግን የተበላ አሉሚኒየም የሚያወጣው ነጭ ዱቄትና መድኃኒት የተነከረው አረንጓዴ እንጨት አብረው ይታዩ ነበር።

በመጨረሻ የገዛሁትን ጀልባ ሳይ አብረውኝ የሄዱት አዲስ አበባ ለረጅም ዘመን ጋራዥ የነበራቸው አንድ ጎረቤቴ ናቸው። ሞተሩን ሳይነኩ በመጀመሪያ የተሳቢውን ጎማዎች አጎንብሰው አዩና፣ «አንተ ልጅ፣ ይኼ ጀልባ ውሃ ጠጥቷል» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ፣ ጋሼ? ውስጡ ደረቅ አይደል እንዴ?»

«ደረቅ ጀልባ ጎማ እንዲህ አይጫንም። ሚዛን ላይ አውጣው።»

ሻጩ ደግ ሰው ስለነበር በአቅራቢያው ወዳለ የጭነት መኪና ሚዛን ይዘነው ሄድን። የጀልባው፣ የሞተሩና የተሳቢው ክብደት በየዝርዝራቸው ከተጻፈው ድምር ከ200 ፓውንድ በላይ በለጠ። ከወለሉ ሥር ያለው ፎም ጀልባው ውሃ ቢገባበት እንዳይሰጥም የተቀመጠ ነው፤ ለዓመታት የተኛበትን ውሃ ከመጠጠ ግን ራሱ ሸክም ይሆናል። ይህን ለማወቅ ወለል መንቀል አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሚዛን ብቻ ነው። ጀልባ በባለሙያ መርማሪ ሳይታይ አይገዛም የሚለው ምክር ለትልልቅ ጀልባ ትክክል ይሆናል፤ ሁለትና ሦስት ሺህ ዶላር ለሚያወጣ ጀልባ ግን የመርማሪውን ክፍያ ለሚዛንና ለኮምፕሬሽን (የሞተር ሲሊንደር ግፊት) መለኪያ ብታውሉት ይሻላል ባይ ነኝ።

ሞተሩን ካነሣሁ፣ ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን የፈረስ ጉልበት አትመኑ፤ ክዳን ከሌላ ሞተር ሊመጣ ይችላል። በጆንሰንና በኤቪንሩድ ሞተሮች ላይ የሞዴሉ ቁጥር ከክዳኑ ሥር፣ ሞተሩ ራሱ ላይ በተገጠመች ክብ የብረት መድፈኛ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ ከ1980 ሞዴል ጀምሮ ለተሠሩት ደግሞ ዓመቱ በሁለት ፊደላት ተጽፏል፤ ለምሳሌ ሲ 8ን፣ ዩ 7ን ስለሚወክሉ ሁለቱ አብረው ሲመጡ ሞተሩ የ1987 ነው። ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ የሲሊንደሮቹን ኮምፕሬሽን ለኩ፤ በመካከላቸው ከአሥር በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ዋጋውን እንደ ተበላሸ ሞተር አስሉት። ከታች ያለው የካምቢዮ ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ስለ ሞተር ይህ ይበቃል።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። አሜሪካ ውስጥ ከኖቬምበር 1 ቀን 1972 ጀምሮ የተሠራ ጀልባ ሁሉ ባለ 12 ፊደልና አኃዝ የቀፎ መለያ ቁጥር አለው። ቁጥሩ የሚገኘው በኋላ ግድግዳው ውጫዊ ገጽ ላይ፣ ወደ ፊት ዞራችሁ ስትቆሙ በቀኛችሁ በሚውለው በኩል፣ ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት አምራቹን ያመለክታሉ፤ የትኛው ፊደል የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ለሕዝብ ክፍት ያደረገው መዝገብ ይነግራችኋል። ቀጣዮቹ አምስቱ የተከታታይ ቁጥር ናቸው። ነገር የሚመጣው በመጨረሻዎቹ አራት ነው፤ የተሠራበት ጊዜ የሚጻፈው በእነርሱ ሲሆን፣ አጻጻፉ እስከ 1984 ድረስ ሁለት ዓይነት ነበር፣ ከ1984 ወዲህ ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ዓይነት ሆነ።

የእኔ ጀልባ ቁጥር ከአንድ ጊዜ በላይ ቀለም ተቀብቶበት በዓይን የሚነበብ አልነበረም። ቀለሙን ከመፋቅ ይልቅ ቀጭን ወረቀት ለጥፌበት እርሳሱን በጎኑ አጋድሜ ሳሸው ፊደላቱ አንድ በአንድ ነጭ ሆነው ወጡ፤ የመጨረሻዎቹ አራት ኤም፣ 8፣ 0፣ ኤ ነበሩ። በዚያ ዘመን አጻጻፍ ኤም የሚለው ፊደል ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሞዴል ዓመት መሆኑን ያሳያል፤ የሞዴሉ ዓመት የሚጀምረው በኦገስት ስለሆነ የመጨረሻው ኤ ኦገስትን ይወክላል። ስለዚህ ጀልባው የ1980 ሞዴል ሆኖ የተሠራው በኦገስት 1979 ነው። ከ1984 በኋላ በመጣው አጻጻፍ ግን ኤ ማለት ጃንዋሪ ነው።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ክርክር የሚመስለው ወረቀት ለማዛወር እስክትሄዱ ድረስ ብቻ ነው። በሚኔሶታ ሕግ ርዝመቱ ከ16 ጫማ በላይ የሆነ ጀልባ፣ ከጥቂት ዓይነቶች በቀር፣ የባለቤትነት ሊብሬ ሊኖረው ይገባል፤ ከኦገስት 1 ቀን 1979 በፊት የተሠራ ከሆነ ግን ሊብሬ አያስፈልገውም። ሻጩ የነበረው የምዝገባ ካርድ ብቻ ነበር። ካርዱ ላይ ዓመቱ 1979፣ ርዝመቱ 16 ጫማ ተብሎ ተጽፏል። «አሮጌ ስለሆነ ሊብሬ አይጠየቅም፤ እኔም ስገዛው አልተጠየቅሁም» አለኝ፤ እንደሚያምንበትም ፊቱ ይናገር ነበር።

እኔ ግን ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ካርዱንም በእርሳስ ያሸሁትን ወረቀትም ይዤ ምዝገባ ወደሚያስተናግድ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ ካርዱን ብቻ አየች፤ ወረቀቴን ገፋ አድርጋ መለሰችልኝና፣ 1979 ከሆነ ሊብሬ እንደማያስፈልገው፣ ሻጩ የፈረመበት የሽያጭ ደረሰኝ እንደሚበቃ ነገረችኝ። «ወሩስ?» ብዬ ብጠይቃት ወር የሚባል ነገር ቅጹ ላይ የለም አለችኝ። በዚህ መልስ ተማምኜ ከፈልሁና ጀልባውን ቤቴ አመጣሁት።

ስሙን ለማዛወር በዚያው መስኮት ስቀርብ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነበር፤ እርሱ ደግሞ ካርዱን ትቶ ቁጥሩን አነበበ። ፊቱ የተለጠፈችውን ሠንጠረዥ አየና፣ «ኤ ጃንዋሪ ነው፤ ይህ ጀልባ የተሠራው በጃንዋሪ 1980 ነው፤ ሊብሬ አምጣ» አለኝ። ሠንጠረዡ ከ1984 በኋላ ላለው አጻጻፍ እንደሆነና በዚህ ጀልባ ኤ ኦገስት እንደሆነ አስረዳሁት። በሠንጠረዡ ላይ እንደዚያ አልተጻፈም አለ። እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝ ምክንያቱ ስሕተት ሆኖ ውሳኔው ትክክል መሆኑ ነው፤ ከኦገስት 1 በፊት የተሠራ ጀልባ ኦገስትን የሚያመለክት ፊደል ሊይዝ ስለማይችል፣ በእኔ ንባብም ቢሆን ሊብሬ ያስፈልገዋል። ክርክሩን ባሸንፍም ነገሩን እሸነፍ ነበር። ከእርሱ በፊት በዚያው ወንበር የተቀመጠችው ባልደረባው አያስፈልግም ማለቷን ስነግረው፣ በጽሑፍ የተሰጠህ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

በርዝመቱ ልሞግት ሞከርሁ። ሕጉ የሚለው ከ16 ጫማ በላይ ነው፣ የራሳችሁ ካርድ የሚለው ደግሞ ልክ 16 ጫማ ነው፣ እንግዲያስ ይህ ጀልባ ነፃ አይደለም ወይ? ለክተህ አምጣ አለኝ። ለካሁት፤ ከአፍንጫው እስከ ኋላ ግድግዳው 16 ጫማ ከ4 ኢንች ነው። በዚህም በኩል መንገዱ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለው የወረቀት ልመና ነው። ሊብሬው መውጣት ያለበት በመጀመሪያ በሻጩ ስም ነበር፤ ሻጩ ጀልባውን የገዛው ከአንድ ጎረቤቱ ሲሆን ጎረቤቱ በሕይወት የለም፤ የዚያን ጊዜው ሽያጭ ማስረጃ ደግሞ የእጅ ጽሑፍ ብጣሽ ነበረች። አንዱ ሠራተኛ ብጣሿ ትበቃለች ሲል ሌላው የወራሽ ፊርማ ይጠይቃል፤ አንዱ በፖስታ ላክ ሲል ሌላው በአካል ቅረብ ይላል። በሰሜን በኩል በርቀት የሚኖረው ሻጭ፣ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ስልኩን ቢዘጋብኝ ምንም ማድረግ አልችልም ነበር። አልዘጋም። ወራሾቹን በየቤታቸው ሄዶ አስፈርሞ ልኮልኛል፤ ከጽሕፈት ቤቱ ይልቅ ለእርሱ ምስጋና አለብኝ። ሊብሬው ሲመጣ ግን ሐይቁ በረዶ ለብሶ ነበር።

ስለዚህ የእኔ ምክር ጽሕፈት ቤቶቹ ከሚሰጡት የተለየ ነው። እነርሱ ግዙና ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ ይላሉ። እኔ ግን ገንዘቡን በኪሳችሁ ይዛችሁ ከሻጩ ጋር መስኮቱ ድረስ አብራችሁ ሂዱ፣ ሠራተኛው ዝውውሩን ተቀብሎ ማኅተም ሲመታ እዚያው ክፈሉ እላለሁ። ሻጩ አልሄድም ካለ ቀብድ እንኳ አትስጡ። ተሳቢውም የራሱ ምዝገባና የራሱ ቁጥር ስላለው በዚያው ጊዜ ይዛወር። የቃል መልስ ከሰጣችሁ ሠራተኛ ላይ ደግሞ፣ ቢሰለቻችሁም፣ መልሱን በኢሜይል ጠይቁ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የዋጋ መመሪያ መጻሕፍት የሚጀምሩት ከዓመቱ ነው። አርባ ዓመት ላለፈው ጀልባ 1979 መሆኑና 1980 መሆኑ በዋጋው ላይ አንድ ዶላር አይለውጥም፤ ዓመት የሚጠቅመው ለሕጉ ነው። እኔ የማሰላው ሦስቱን ለየብቻ ነው፤ ይህ ሞተር ብቻውን ቢሸጥ ስንት ያወጣል፣ ይህ ተሳቢ በዚህ ኩሽኔታና በዚህ ጎማ ስንት ያወጣል፣ የቀረው ለቀፎው ነው። ሻጩ 3,200 ዶላር ጠይቆ ነበር። ለሞተሩ 1,300፣ ለተሳቢው 600፣ ለቀፎው 900 ሰጠሁና ለጠጣው ፎምና ለወለሉ 500 ቀንሼ በ2,300 ተስማማን። ሊብሬ እያስፈለገው ያለ ሊብሬ እንደሚሸጥ ባውቅ ኖሮ ለቀፎው ምንም አልሰጥም ነበር፤ ስሙ ሊዛወር የማይችል ቀፎ የሚሸጠው በኪሎ ነው። ጊዜም ዋጋ አለው፤ በሜይ የዓሣ ወቅቱ ሊከፈት ሲቃረብ ሁሉም ገዢ ስለሚሆን፣ ባለቤቶቹ ለክረምት ማስቀመጫ ቦታ በሚጨነቁበት በኦክቶበር ፈልጉ።

ፎሙን አውጥቼ በአዲስ ተክቼዋለሁ፤ ጋሼም ወለሉን ስንገጥም አብረውኝ ውለዋል። አዲሱ የምዝገባ ካርድ በፖስታ ሲደርሰኝ ዓመቱ 1980 ተብሎ ተስተካክሏል። ርዝመቱ ግን አሁንም 16 ጫማ ነው የሚለው፤ ለማሳረም ወደዚያ መስኮት አልመለስም።