ከጁባ ስሸኝ

ሻንጣዬ አልጋው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። ነገ ወደ አዲስ አበባ እበራለሁ። በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ስንብቱ ግን ይኸው ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል።

ጁባ የመጣሁት የዛሬ አራት ዓመት ቤተ ክርስቲያኔ ለወንጌል አገልግሎት ልካኝ ነው። ጠዋት ጠዋት እናቶችን ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ከጸሎት ቡድኑ ሴቶች ጋር እየዞርን የታመመ እንጠይቃለን። መጀመሪያ የያዝኳት የጁባ ዓረብኛ «አና ጊ ሩዋ ቤት» የምትል ነበረች። ወደ ቤት እየሄድኩ ነው ማለት ነው። «ቤት» እዚህም ቤት ስለሆነ ቶሎ ያዝኳት። ሰሞኑን ግን ከአፌ አልወጣ አለችኝ።

እቅዴ ቀላል ነበር። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሁሉንም በአንዴ ተሰናብቼ መሄድ። ይህን ለጎረቤቴ ለሃቦባ ነገርኳቸው። ሃቦባ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ወባ ጥሎኝ በከረመ ጊዜ ሌሊቱን አጠገቤ ያደሩት እሳቸው ናቸው። ፊታቸው ጥቁር አለ።

«እኛ ስንት ጊዜ ሳንሰናበት ወጣን» አሉኝ።

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ ተኩስ ሲከፈት የወጡት ድስቱ እሳት ላይ እንደተጣደ ነው። በሐምሌ 2008 እንደገና ሮጡ። ከመጀመሪያው ሽሽት ወዲህ እህታቸውን አላገኟቸውም። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩም አያውቁም።

አብራኝ የምታስተምረው ጓደኛዬም የራሷ አላት። ያደገችው ጋምቤላ፣ ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ነው። ደርግ ሲወድቅ፣ በግንቦት 1983፣ ቤተሰቦቿ ከሌላው ሕዝብ ጋር በእግር ወጡ። ሰባት ዓመቷ ነበር። አብራት የምትጫወት አንዲት የአገሬው ልጅ ነበረች፤ እስከ ዛሬ ታነሳታለች። ጓደኛዬ ከዚያ ዘመን የቀረች ትንሽ አማርኛ አለቻት። ባለፈው ማክሰኞ ይህንን ስታጫውተኝ ቆየችና፣ «ደህና ሁኚ ማለት እኮ እችል ነበር። አማርኛውን አውቀው ነበር» አለች። የምመልስላት ጠፋኝ። እጇን ብቻ ያዝኳት።

ከዚያ በኋላ እቅዴን ተውኩት። ቤት ለቤት ልዞር ወሰንኩ። ማንጎ ዛፍ ሥር ወንበር ይወጣል። ቡናው ዝንጅብል ገብቶበት ይመጣል፤ ጀበናውን እነሱም ጀበና ነው የሚሉት። ከጸሎት በኋላ ስነሳ ደግሞ ትንሽ እንሸኝሽ ብለው ይከተሉኛል። ትንሽ ያሉት እስከ ዋናው መንገድ ይሆናል። እዚያ ደርሰን እንደገና እንቆማለን። በቀን ከሦስት ቤት በላይ መድረስ አልቻልኩም። ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ሚሊጢን ላይ ሲሰናበት አልቅሰው እስከ መርከቡ እንደሸኙት ስንት ጊዜ አንብቤያለሁ። እንዲህ ገብቶኝ ግን አያውቅም።

አንዷን ብቻ አላገኘኋትም። ከተማሪዎቼ ሁሉ ፊደል የከበዳት እሷ ነበረች። ስሟን በራሷ እጅ የጻፈች ቀን እስክሪብቶዋን ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች። ልጇ ታሞባት ወደ ቦር ሄዳለች። ስልኳም አይሠራም። ለመምጣቷ ተስፋ አድርጌ መሄጃዬን በሦስት ቀን አራዝሜ ነበር። አልመጣችም። ደብዳቤ ጻፍኩላት፤ በትልልቅ ፊደል፣ ቀስ ብላ እንድታነበው። ጓደኛዬ ታደርስልኛለች።

ዛሬ ማታ ሃቦባ ሚላያ ይዘው መጡ። ሚላያ እዚህ ሴቶች በእጃቸው የሚጠልፉት የአልጋ ልብስ ነው። ወፎችና አበቦች አሉት። ወራት የፈጀ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል።

«መቼ ጀመሩት?» አልኳቸው።

«ዝናቡ ሳይገባ።»

መመለሴን የነገርኳቸው ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው።

ሚላያው ቦታ እንዲያገኝ ሁለት ጫማና ወፍራም ሹራቤን ከሻንጣው አወጣሁ። ነገ እስከ ኤርፖርት አብረውኝ ይሄዳሉ። በዚህ ዕድሜያቸው ቦዳ ቦዳ በሚሉት የሞተር ሳይክል ታክሲ እንዳይንገላቱ ከቤተ ክርስቲያን መኪና ለምኛለሁ። ከዚያ በፊት ግን እሳቸው ቤት ሻይ አለ። ተረጋግተን እንጠጣለን፣ እሳቱንም አጥፍተን ነው የምንወጣው ብለዋል።