ወርቅ መሃል የገባው እርሳስ

የጃፓን ጥንታዊ ሳጥኖች ሲነሱ የብዙ ሰው ዓይን የሚሮጠው ወደ ወርቁ ነው። የእኔን ልብ የወሰደው ግን እርሳስ ነው፤ ያ ግራጫው፣ ከባዱ ብረት።

ይህ እርሳስ ያለበት ሳጥን ቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። የሠራው ጃፓናዊው ሠዓሊ ኦጋታ ኮሪን (እ.ኤ.አ. 1658–1716) ነው። ባለ ሁለት ደርብ የጽሕፈት ሳጥን ነው፤ ላይኛው ለቀለም መፍጫ ድንጋይ፣ ታችኛው ለወረቀት። ጥቁሩ መደብ ላይ አይሪስ አበባ በቅሏል። ቅጠሉ ወርቅ፣ አበባው የሚያብለጨልጭ ዛጎል። በመሃሉ የሳንቃ ድልድይ እየተጠማዘዘ ክዳኑን አልፎ በጎን ይወርዳል። ድልድዩን ነው እንግዲህ በእርሳስ የሠራው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንዳይመስላችሁ፤ ደብዘዝ ያለው ብረት ቁርጥ ዝናብ የመታው አሮጌ ሳንቃ ነው።

ሥዕሉ የጥንት ታሪክ አለው። ከዋና ከተማው ርቆ የሄደ ሰው እዚያ ድልድይ ጋ አበባውን ሲያይ ሚስቱ ትዝ አለችው። ግጥም ገጠመ። አብረውት የነበሩት አልቅሰው፣ የያዙት ደረቅ ሩዝ በእንባ ራሰ። ኮሪን ግን ሰውየውን አልሣለውም። ሚስት የለች፣ እንባ የለ። የሚያውቅ ያውቀዋል ብሎ ተወው። እንዲህ ያለ ኩራት ደስ ይለኛል!

ጥቁሩ መደብ ኡሩሺ የሚባል የዛፍ ሙጫ ነው። አንድ ዛፍ ከአሥር ዓመት በላይ አድጎ የሚሰጠው 200 ግራም ገደማ ብቻ ነው። እርጥቡ ቆዳ ከነካ ያሳክካል፣ ያሳብጣል። ጉዱ ደግሞ አደራረቁ ነው፤ እርጥበት ያለው ሞቅ ያለ ቦታ ካላገኘ አይጠነክርም። ወርቁም በብሩሽ አይቀባም። ሥዕሉ በኡሩሺ ይሣልና ሳይደርቅ የወርቅ ዱቄት ይነሰነስበታል። ማኪኤ ይሉታል። ቶጊዳሺ በሚባለው ዓይነት ወርቁን በሌላ ኡሩሺ ይሸፍኑትና ተመልሶ እስኪወጣ ድረስ ይፈገፍጉታል፤ በጣት ቢዳሰስ ልሙጥ ነው። ከፍ ብሎ የሚሠራው ታካማኪኤ ለእኔ ትንሽ ይበዛብኛል።

እ.ኤ.አ. በ1874 ኒል የተባለ መርከብ ከቪየና ኤግዚቢሽን የተመለሱ ዕቃዎችን እንደጫነ ጃፓን አቅራቢያ ሰጠመ። ከዓመት በላይ ባሕር ውስጥ ቆይተው ከወጡት የኡሩሺ ሥራዎች ውስጥ ምንም ያልሆኑ ነበሩ። ባሕር ያልበገረውን ግን ብርሃን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ የኮሪንን ሳጥን ለማየት ቶኪዮ የምትሄዱ ከሆነ ቀድማችሁ የሙዚየሙን ፕሮግራም እዩ፤ ሁልጊዜ ለዕይታ አይወጣም።