የተሰረዘችው ኔጌቲቭ 4

ጅማ ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። የሎጋሪዝም ምዕራፍ በደረሰ ቁጥር ትዝ እያለኝ የሚቆጨኝ አንድ ገጠመኝ አለ፤ ይህን ምዕራፍ የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ እንዲያነቡት ብዬ እጽፈዋለሁ።

የአንደኛው መንፈቀ ዓመት ማጠቃለያ ፈተና በትምህርት ክፍሉ በጋራ የወጣ ነበር። እርማቱን ክፍል ተቀያይረን ስለምንሠራ የማላስተምራቸው ልጆች ወረቀት ደረሰኝ። ከጥያቄዎቹ አንዱ የኤክስ ስኩዌር ሎግ በቤዝ 2 ከ4 ጋር እኩል ሲሆን የኤክስ ዋጋ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል (የአንድ ቁጥር ሎግ በቤዝ 2 ማለት ቁጥሩን ለማግኘት 2 የሚነሣበት ፓወር ነው)፤ የመልስ ቁልፉ 4 ብቻ ይላል። አብዛኞቹ ተማሪዎች ስኩዌሩን ወደ ፊት አውጥተው «2 ሎግ ኤክስ» ካደረጉ በኋላ ለ2 አካፍለው 4 ላይ ደርሰዋል። ሌሎቹ ኤክስ ስኩዌር 16 መሆኑን ጽፈው 4ንም ኔጌቲቭ 4ንም ካገኙ በኋላ ኔጌቲቩን ምንም ሳያጣሩ ሰርዘውታል። አንዲት ተማሪ ግን ሁለቱንም መልስ ብላ ይዛ፣ ከሥሩ ኔጌቲቭ 4ን መልሳ ጥያቄው ውስጥ ተክታ፣ ስኩዌሩ 16፣ የ16 ሎግ በቤዝ 2 ደግሞ 4 መሆኑን በአንድ መስመር አሳይታለች። በቀጣዩ ጥያቄ የኤክስ ሎግና የ«ኤክስ ሲቀነስ 2» ሎግ በቤዝ 2 ተደምረው 3 ይሆናሉ፤ እዚያም 4ንና ኔጌቲቭ 2ን አግኝታ ኔጌቲቭ 2ን ሰርዛዋለች፤ ምክንያቷንም ጽፋለች፤ ሲተካ የሁለቱም ሎግ ውስጥ ኔጌቲቭ ይሆናል። አንዱን ኔጌቲቭ የተቀበለችውና ሌላውን የጣለችው አጣርታ ነው። በመልስ ቁልፉ መሠረት ግን የመጀመሪያው ጥያቄዋ ስሕተት ነው።

ወረቀቷን ይዤ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሄድኩ። ጥያቄውን ያወጡት እሳቸው ነበሩ፤ በሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ተምረው፣ በዚያው ሠንጠረዥ ብዙ ትውልድ ያስተማሩ አንጋፋ መምህር ናቸው። ጥቂት አይተው፣ «ለመሆኑ ሠንጠረዡ ውስጥ ኔጌቲቭ ቁጥር አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ኔጌቲቭስ አላየሁም ጋሼ፤ 16ን ግን አይቻለሁ» አልኳቸው።

ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒር እ.ኤ.አ. በ1614 ሎጋሪዝምን ይፋ ሲያደርግም ሆነ ሄንሪ ብሪግስ በ1624 የቤዝ 10ን ትልቅ ሠንጠረዥ ሲያሳትም፣ ሐሳባቸው አድካሚውን ማባዛት ወደ መደመር መለወጥ ስለነበር ሠንጠረዡ ውስጥ የገቡት ፖዘቲቭ ቁጥሮች ናቸው። ከዚህም በላይ 2ን በየትኛውም ሪል ቁጥር ፓወር ብናነሣው ውጤቱ ዜሮም ኔጌቲቭም ስለማይሆን፣ ሎጉ ውስጥ የሚገባው ነገር የግድ ፖዘቲቭ መሆን አለበት። ነገር ግን ፖዘቲቭ መሆን ያለበት ሎጉ ውስጥ የገባው ነገር እንጂ ኤክስ ራሱ አይደለም። በእኛ ጥያቄ ሎጉ ውስጥ የገባው ኤክስ ስኩዌር ነው። ስኩዌሩን ወደ ፊት የሚያወጣው ሕግ ደግሞ ኤክስ ፖዘቲቭ ሲሆን ብቻ እንደሚሠራ አብሮት ተጽፏል፤ ይህን ቅድመ ሁኔታ ሳያነቡ ማለፍ በተማሪውም በመምህሩም ዘንድ የተለመደ ነው።

ባለ ካሬ ወረቀት አውጥቼ ግራፉን ፊታቸው ሠራሁት። ኤክስ 1 ሲሆን ዋይ 0፣ ኤክስ 2 ሲሆን 2፣ ኤክስ 4 ሲሆን 4፣ ኤክስ ግማሽ ሲሆን ኔጌቲቭ 2፤ በግራ በኩል በኔጌቲቭ 1፣ በኔጌቲቭ 2፣ በኔጌቲቭ 4 እና በኔጌቲቭ ግማሽም ያው ዋጋ ይደገማል። ሁለት ክንፍ ወጣ፤ ሁለቱም ወደ ዋይ አክሲስ እየተጠጉ ሳይነኩት ወደ ታች ይወርዳሉ። በዋይ እኩል ይሆናል 4 ላይ አግድም መስመር ሳሰምር ሁለቱንም ክንፎች ቆረጠ። የ«2 ሎግ ኤክስ» ግራፍ ግን የቀኙ ክንፍ ብቻ ነው፤ ተማሪዎቹ ስኩዌሩን ወደ ፊት ሲያወጡ የግራውን ክንፍ ሙሉ በሙሉ ጥለውታል።

ኃላፊው ወረቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ከዚያም፣ «ልክ ነህ። ነገር ግን ሎግ ኔጌቲቭ አይቀበልም ብለን አስተምረን፣ አሁን ኔጌቲቭ 4 መልስ ነው ብንላቸው ልጆቹ ግራ ይጋባሉ» አሉ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ንግግር ነው። እውነቱን አልካዱም፤ እያወቁ ለተማሪ የማይገባ አድርገው አስቀመጡት። ያቺ ተማሪ ደግሞ ግራ እንዳልተጋባች ወረቀቷ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ይመሰክራል። ግራ የተጋቡት ኔጌቲቭ ባዩ ቁጥር መሰረዝን የለመዱት ናቸው፤ ቁልፉም ሙሉ ነጥብ የሰጠው ለእነርሱ ነበር።

በመጨረሻ 4 ብቻ ያለውም ሁለቱን የጻፈውም ሙሉ ነጥብ እንዲያገኝ ተወሰነ። ልጅቷ ነጥቧን ስላገኘች ተቀበልኩት እንጂ፣ ግማሽ መልስ ከሙሉ መልስ እኩል መያዙን ዛሬም አልስማማበትም።

ከዚያ ወዲህ ይህን ምዕራፍ ከመፍታት በፊት በግራፍ እጀምራለሁ። የሎጉ ውስጥና የሎጉ ውጤት እንዳይምታቱባቸውም የአካባቢያችንን አፈር ምሳሌ አደርጋለሁ፤ ከጅማ ዙሪያ ገጠር የሚመጡት ልጆች አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ ኖራ እንደሚጨመርበት ያውቃሉ። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች የሃይድሮጅን አዮን መጠን ሎግ በቤዝ 10 ምልክቱ ተቀይሮ ነው። ፒኤቹ 5 በሆነ አፈር ውስጥ የሃይድሮጅን አዮኑ መጠን በሊትር 10 በፓወር ኔጌቲቭ 5 ሞል ነው፤ መጠኑ ፖዘቲቭ ሆኖ ሎጉ ኔጌቲቭ 5 ይሆናል፤ የምልክት መቀየሪያው ነው 5 የሚያደርገው። ቀጥዬም የኔጌቲቭ ኤክስ ሎግ በቤዝ 2 ከ3 ጋር እኩል የሚሆንበትን ጥያቄ እሰጣቸዋለሁ፤ ብቸኛው መልሱ ኔጌቲቭ 8 ስለሆነ መሰረዝ የለመደ እጅ ምንም መልስ አይተርፈውም።

በተከታዩ ዓመት ያው የስኩዌር ጥያቄ በጋራው ፈተና ላይ ተመልሶ መጣ። ከጎኑ «ኤክስ ከ0 የሚበልጥ ከሆነ» የሚል ተጨምሮበታል። የመልስ ቁልፉ ዛሬም 4 ብቻ ነው፤ አሁን ልክ ነው፤ ነገር ግን ኔጌቲቭ 4ን አጣርታ መቀበል የምትችል ተማሪ ያንን የምታሳይበት ቦታ ከፈተናው ላይ ጠፍቷል።