ስለ ልጄ ኦቲዝም ለዕድራችን የነገርኩት

ልጄ ኦቲዝም እንዳለበት ካወቅሁ ወዲህ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ጣና ነው። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ሳይናገሩ ከቤት ይወጣሉ፤ ውሃ ይስባቸዋል፤ የመስጠም አደጋም ያሰጋቸዋል። ቤታችን ደግሞ ለሐይቁ ዳር ቅርብ ነው። በር መቆለፍ ብቻውን ስላላስተማመነኝ ልጄን የሚያውቅ ሰው እንዲበዛ ፈለግሁ።

መጋቢት 24 የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ነው። ያን ሰሞን የዕድራችንን ዳኛ ከስብሰባው መጨረሻ ጥቂት ደቂቃ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። «ዕድር ለቀብር ብቻ ነው ያለው ማነው? ተናገሪ፣ ልጄ» አሉኝ።

ኦቲዝም ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ እርግማንም የእናት ጥፋትም የክትባት ጣጣም አለመሆኑን አስረዳሁ። ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት አጥተው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስለመሠረቱት ስለ ዘሚ የኑስም ነገርኳቸው። አንዲት እናት ስለ ጠበል ጠየቁኝ። እኔም እወስደዋለሁ፤ ግን በግድ አይጠመቅም፣ የንግግር ልምምዱንም አያቋርጥም አልኳቸው።

ተሰብሳቢዎቹ «እግዚአብሔር ይማረው» ብለው ሊነሱ ሲሉ ግን የምፈልገውን ለይቼ ጠየቅሁ። ስሙን ጠርታችሁ ዝም ካለ አትጩሁበት፤ በልባችሁ እስከ 10 ቆጥራችሁ ጠብቁት። ዓይናችሁን አለማየቱ ንቀት አይደለም። ሳትነግሩት ራሱን አትዳብሱት። ብቻውን ወደ ሐይቁ ሲሄድ ካያችሁት ግን ቀድማችሁ በውሃው በኩል ቁሙ፤ አንዳችሁ ደውሉልኝ። የሰው ፊት የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ለካ ሰው ማዘን አላቃተውም፤ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው ነው ያጣው።

ያንኑ ለታንኳ ቀዛፊዎቹና ለዓሣ ሻጮቹ ፎቶውን እያሳየሁ ነገርኳቸው። የባጃጅ ሾፌራችን አሁን ልጄ ከመግባቱ በፊት ሙዚቃውን ያጠፋል። ከደረት ኪሱ በካርቶን ላይ የሣልኩለትን የቤታችንን ሥዕል ያወጣል፤ ልጄ ጣቱን ሲያሳርፍበት ሞተሩን ያስነሳል።

ከዚያ ወዲህ አንዲት ጎረቤቴ ከቤት አውጥታት የማታውቀውን ልጇን ቡና ስንጠጣ ይዛት መምጣት ጀምራለች። ሁለታችን አንድ ትምህርት ቤት ልጆቻችንን እንዲቀበል እየተመላለስን ነው። ርዕሰ መምህሩ «መምህራኑ አልሠለጠኑም» አሉን። እኛም ለባጃጅ ሾፌሩ እንደሣልኩለት ያሉ ሥዕሎችን ይዘን መምህራኑን ለማነጋገር ቀጠሮ ይዘናል።