«አዎ፣ ሜዲኬር እንቀበላለን» መልስ አይደለም

ቨርጂኒያ ውስጥ የሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ሽፋን፣ ኢንሹራንስ ኤጀንት ነኝ። ደንበኞቼ በብዛት ሀበሾች ናቸው፦ ታክሲ የነዱ፣ ፓርኪንግ የሠሩ፣ የሰው ልጅ ያሳደጉ። 65 ሲሞላቸው «ይሄ ኤክሰስ ቻርጅ የሚሉት ነገር ጉድ አያደርገኝም ወይ?» እያሉ ይመጣሉ። ኤክሰስ ቻርጅ ሐኪሙ ከሜዲኬር ተመን በላይ የሚጠይቀው ጭማሪ ነው። ፕላን ጂና ፕላን ኤን ደግሞ ሜዲጋፕ ይባላሉ፤ ሜዲኬር ከከፈለ በኋላ የሚቀረውን የሚሸፍኑ የግል ኢንሹራንሶች ናቸው። ይህን ጭማሪ ጂ ይከፍላል፣ ኤን አይከፍልም። ሥልጠና ላይ የተሰጠኝ መልስ «ፕላን ጂ ሽጥላቸውና ተገላገል» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም።

ጋሼ ልበላቸው፣ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ናቸው። የሜዲኬርን ፓርት ኤ (የሆስፒታሉን) እና ፓርት ቢ (የሐኪሙን) ማስመዝገቡና ዋጋ ማወዳደሩ ብዙም አላስቸገረም። ለሳቸው ፕላን ኤን ከጂ በወር 30 ዶላር ይቀንሳል። ሊፈርሙ ሲሉ እጃቸውን ሰበሰቡ። ለካ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ አንድ ወዳጃቸው «ኤን ከያዝክ ሐኪሙ ያሻውን ይጨምርብሃል፣ ቤትህን ያሸጥሃል» ብሏቸዋል። ኮሎምበስ ያለው ወንድማቸው ደግሞ «እንዲህ የሚባል ነገር ሰምቼም አላውቅ» ይላል። ወንድምየው እውነቱን ነው፤ ኦሃዮ በሕግ ከልክላዋለች። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አልከለከሉም። ወዳጅየው ግን አጋኗል።

የፈራ ሰው በፐርሰንት አይረጋጋም። ፖስታ ገልብጬ ጀርባው ላይ ጻፍኩላቸው። ሜዲኬር 200 ዶላር የሚተምነው አንድ ቀጠሮ አለ እንበል። ሐኪሙ የሜዲኬርን ተመን ሁልጊዜ ለመቀበል ካልፈረመ ተመኑ በ5 በመቶ ወርዶ 190 ይሆናል። በዚያ ላይ ሐኪሙ ቢበዛ 15 በመቶ መጨመር ይችላል፤ 28 ዶላር ከ50 ሳንቲም ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ሕግ ጥሷል። የሆስፒታሉ የራሱ ቢል እዚህ ውስጥ የለም፣ የላብራቶሪም የለም። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ፖስታውን ደጋግመው አዩት። «ለዚች ነው እንቅልፍ ያጣሁት?» አሉ።

የኤንን ጉድለትም አልደበቅኩም። ኤን ለአንድ የሐኪም ቀጠሮ እስከ 20 ዶላር፣ ሳይተኙ ለተመለሱበት ድንገተኛ ክፍል እስከ 50 ዶላር ያስከፍላል። እሳቸው በዓመት ስምንት ጊዜ ያህል ሐኪም ያያሉ፤ ይሄ 160 ዶላር ነው። ከጂ ጋር ያለው ልዩነት በዓመት 360 ነው። 200 ዶላር ይተርፋቸዋል። ሰባት ጊዜ እንዲህ ያለ ጭማሪ ቢመጣባቸው እንኳ ከጂ ጋር እኩል ቢወጡ ነው።

አሁን ያንገበገበኝን ልንገራችሁ። የሜዲኬር መመሪያ «ሐኪምዎን አሳይመንት ይቀበሉ እንደሆነ ይጠይቁ» ይላል፤ የሜዲኬርን ተመን እንደ ሙሉ ክፍያ ይቀበላሉ ወይ ማለት ነው። ማን ስልክ እንደሚያነሳ የሚያውቅ ሰው የጻፈው አይመስለኝም። የጉልበት ሐኪማቸው ጋ ደወልኩ።

«አሳይመንት ትቀበላላችሁ?»
«አዎ፣ ሜዲኬር እንቀበላለን።»
«እሱን አይደለም የጠየቅኩት።»
«በሽተኛው ሌላ ኢንሹራንስ አላቸው?»
«ሜዲጋፕ።»
«የየትኛው ኩባንያ? ኔትወርካችን ውስጥ ላይኖር ይችላል።»

መደበኛ ሜዲጋፕ ኔትወርክ፣ ማለትም የተወሰኑ ሐኪሞች ዝርዝር፣ የለውም እኮ! በሜዲኬር የሚሠራ ሐኪም ሁሉ ያስኬደዋል። ይህን ሳስረዳ ሙዚቃ ተከፈተልኝ። ቢሊንግ (የሂሳብ) ክፍሉ ሌላ ስቴት ነው፤ መልእክት ተዉ ይላል፣ የሚደውል የለም። ኢንሹራንስ ኩባንያው «ሜዲኬርን ጠይቅ» አለኝ። የሜዲኬር ስልክ ላይ ያለችው ደግሞ «ሐኪሙን ጠይቅ» አለችኝ። ኳስ ተቀባበሉብኝ።

በመጨረሻ ጥያቄውን ቀየርኩት። ቢሊንግ ውስጥ አንዲት ሴት ስትገኝልኝ የክሊኒኩን ስም ትቼ የሐኪሙን ስም ጠራሁ። «እኚህ ሐኪም ሜዲኬር ያለውን በሽተኛ ከሜዲኬር ተመን በላይ ያስከፍላሉ?» አልኳት። ዝም አለች፣ ኪቦርድ ነካካች። «እሳቸው እኮ ከሜዲኬር ወጥተዋል፤ በግል ውል ነው የሚያክሙት» አለችኝ። ሪሴፕሽኗ «አዎ» ትለኝ የነበረው እዚያው ያሉት ሌሎቹ ሐኪሞች ስለሚቀበሉ ነው።

እንግዲህ ቡና ላይ መወራት የነበረበት ይሄ ነበር። ከሜዲኬር የወጣ ሐኪም ጋ፣ ከድንገተኛ ሕክምና በቀር፣ ሜዲኬር ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። ኤንም አይከፍልም። «ጂ ከያዝክ ሁሉ ተሸፍኗል» ተብሎ የሚሸጠው ጂም አይከፍልም። 15 በመቶ የሚባል ጣሪያም የለም። ጋሼን እዚያው ሕንጻ ውስጥ ወዳለ ሌላ ሐኪም አዞርናቸው። የልብና የዓይን ሐኪሞቻቸውን ሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ በስም ፈልጌ ተመኑን እንደሚቀበሉ አየሁ። ከዚህ ወዲህ ከድረ ገጹ እጀምራለሁ፣ ከዚያ ቢሊንግ፤ ሪሴፕሽን አልጠይቅም። ያናገርኩትን ሰው ስምና ቀኑንም እጽፋለሁ።

ኤክሰስ ቻርጅ ጂ ለመግዛት የመጨረሻው ምክንያት ነው ባይ ነኝ። ሐኪም ቤት የሚመላለስ ሰው ጂ ይግዛ። ወደፊት ሐሳቤን እቀይር ይሆናል የሚልም በደንብ ያስብበት፤ ፓርት ቢ ከጀመረ ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ከኤን ወደ ጂ ልሻገር ሲል ኩባንያው ስለ ጤናው ጠይቆ እምቢ ሊለው ይችላል። የጉልበት ድጋፍ ወይም ዊልቸር የሚገዛ ደግሞ አሳይመንት ከሚቀበል ሻጭ ይግዛ። 15 በመቶው ጣሪያ ዕቃ ላይ አይሠራም።

ጋሼ ኤን ፈረሙ። ከዚያ «አገር ቤትስ ብታመም?» አሉኝ። ኤንም ጂም ውጭ አገር ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሕመም ብቻ፣ የመጀመሪያውን 250 ዶላር ራሳቸው ከከፈሉ በኋላ 80 በመቶ ይሸፍናሉ፤ በዕድሜ ልክ እስከ 50,000 ዶላር። ግን ሕመሙ ከጉዞው በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ውስጥ የጀመረ መሆን አለበት። እሳቸው አዲስ አበባ ከገና እስከ ፋሲካ ነው የሚቀመጡት። ትኬቱ ቀድሞ ተቆርጧል። የጉዞ ኢንሹራንስ ለብቻው ገዛንላቸው።