ደረቴን ያነበበው ልጅ

ጎሪላ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት የለውም። ገደል ላይም አያድርም። አሁን አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ለአንድ የስምንት ዓመት ልጅ የነገርኩት ሌላ ነው፤ ልጁም አምኖኝ ሚኒሶታ ገብቷል።

ለንደን ውስጥ የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ዴፖው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወዳጅ አለኝ። ቶተንሃም ተወልዶ፣ ቶተንሃምን ደግፎ፣ ቶተንሃምን እንደደገፈ ያረጀ ሰው ነው። እግዜር ይርዳው። እኔ የመድፈኞቹ፣ የአርሰናል ነኝ። ኦክቶበር 6 ቀን 2024 በቶተንሃም ስታዲየም ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ከኒውዮርክ ጄትስ ይጫወቱ ነበር፤ የአሜሪካኖቹ ፉትቦል። ትኬቱን የገዛለት ልጁ ነው። አብሮት ሊሄድ የነበረው እሱው ልጁ ታሞ ቀረና "ና፣ አንተ ትተካለህ" አለኝ።

ሽማግሌው የአሜሪካን ፉትቦል አይወድም። ታዲያ ለምን ይሄዳል? እንግሊዝ ሲጠላ በትዕግሥት ነው። ከፍሎ፣ ካፖርቱን ለብሶ፣ ሦስት ሰዓት ቁጭ ብሎ ነው የሚጠላው።

መንገዱን ሁሉ ሲያስተምረኝ ሄደ። "ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው። ለምን ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል? ማስታወቂያ! ዎል ስትሪት ጆርናል የሚባለው ጋዜጣ በ2010 ሰዓት ይዞ ቢለካው ኳሷ የምትንቀሳቀሰው 11 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። አስራ አንድ! እኛ ቀይ መብራት ላይ ከዚያ በላይ እንቆማለን።" ቀጠለ። በ2024 የፍጻሜ ጨዋታቸው ሱፐር ቦውል ላይ የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ 7 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ዳኛው ራሱ ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያውን ሳይጨርስ ጨዋታ አያስጀምርም። ከሁሉ ያንገበገበው ግን ሣሩ ነው። ስታዲየሙ ሲሠራ ለአሜሪካኖቹ ታስቦ ሣሩ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ትሪቡኑ ሥር ይገባል፤ ከሥሩ ሌላ ሰው ሠራሽ ሜዳ ይወጣል። ሰው እንግዳ ሲመጣበት ምንጣፍ ያነጥፋል። እነሱ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው እንግዳ ተቀበሉ።

እኔ ደግሞ የራሴ ተንኮል ነበረኝ። ጃኬቴ ውስጥ የአርሰናል ማልያ ለብሻለሁ። ጠላት ቤት መድፍ ይዤ መግባቴ ነው። ዚፑን እስከ አገጬ ዘግቼ ፍተሻውን ሳልፍ ልቤ ሲመታ ለራሴ ይሰማኝ ነበር። ምን ያስፈራል? ውስጥ ስገባ ሰው ሁሉ የፈለገውን ክለብ ማልያ ለብሶ ይንሸራሸራል፤ ዞር ብሎ ያየኝም የለ።

ጨዋታው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በኛ አቆጣጠር፣ ተጀመረ። ማለትም ተጀመረና ቆመ። ተጀመረ፣ ቆመ። ግዙፋን ሰዎች ወገባቸውን ይዘው ይቆማሉ፣ ሙዚቃ ይለቀቃል። ከጎኔ አንድ አባትና ልጅ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ሐምራዊ የቫይኪንግስ ማልያ ለብሰዋል። አባትየው ጨዋ ሰው ነው። "እንዴት ነው፣ ወደድከው?" አለኝ።

እዚህ ላይ "አዎ፣ ደስ ይላል" ብዬ ዝም ብል ምን ነበረበት?

የሽማግሌውን ትምህርት የራሴ አስመስዬ ለቀቅኩት። የናንተ ጨዋታ ማስታወቂያ ነው፣ በመሀል በመሀል ሰው ይሮጣል። የኛ 45 ደቂቃ አንዴ ከጀመረ የሚያቋርጠው ነጋዴ የለም። እኛ ኳስን አንሸጥም። ሽማግሌው ራሱን እየነቀነቀ ያበረታታኛል። ሞቅ አለኝ። "ኳስ ማለት…" አልኩና ዚፑን ከላይ እስከ ታች ቦጭ አድርጌ ከፈትኩ። ደረቴን ነፋሁ። "…ይሄ ነው!"

የክለባችንን አርማ፣ መድፉን ላሳየው ነበር። መድፉ የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ከሥሯ ያለው ጽሑፍ ግን የዳቦ ያህል ነው።

ልጁ ማንበብ የለመደው በቅርቡ መሰለኝ፤ ያገኘውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነብበት ዕድሜ ላይ ነው። ጣቱን አንድ በአንድ ፊደሉ ላይ እያሳረፈ "ኤ-ም-ሬትስ። ፍላይ። ቤተር" አለ። ወደ አባቱ ዞረ። "አባዬ፣ ሰውዬው አውሮፕላን ላይ ነው የሚሠራው?"

ከኋላችን ያሉት ሳቁ። ከፊታችን ያሉት ምን እንደሆነ ለማየት ዞሩ። ልጁ አልጨረሰም። ዞር ብሎ ግራ እጄን አነበበ። "ቪዚት። ሩዋንዳ።"

"ኦ!" አለ አባትየው ፊቱ በርቶ። "ከሩዋንዳ ነህ!"

ይቺ እጅጌ ከዚያ በፊትም አስቸግራኛለች። እናቴ ፎቶዬን አይታ "ደሞ ሩዋንዳ ምን ልትሠራ ሄድክ?" ብላ ደውላልኛለች። "አይ፣ እኔ እንኳ…" ማለት ስጀምር ሽማግሌው ቀደመኝ። "የኪጋሊ ልጅ ነው!" አለ። ያን ጊዜ ቫን ጊንከል የሚባለው የቫይኪንግስ ተከላካይ ኳሷን ከአየር ላይ ነጥቆ 63 ያርድ ሮጦ አገባ፤ ስታዲየሙ ተነሣ፣ አባትየው አቀፈኝ። አቅፎኝ ካለ ሰው ጋር ስለ ዜግነት ልከራከር?

እስኪ የልጁን ማልያ ልየው ብዬ አገላብጬ አየሁ። ቁጥር 18፣ የቡድኑ ምልክትና ያቺ የናይኪ ጭረት ብቻ። የማንም ኩባንያ ስም የለበትም። እነዚህ ሰዎች ሰዓቱን ሸጠው ደረታቸውን ባዶ ትተዋል። እኛ 45 ደቂቃውን አስከብረን ደረታችንን አከራይተናል። እንደኔ ዓይነቱ ጅል ደግሞ ያንን ማስታወቂያ ለመሸከም 80 ፓውንድ ከፍሏል። አዲስ አበባ ሰሌዳ ተሸክሞ የሚዞር ሰው እንኳ ይከፈለዋል እኮ! ቁማሩንማ ተዉት። የዚያ ዓመት የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ከግማሽ በላይ ደረታቸው ላይ አቋማሪ ድርጅት ለጥፈዋል። ይነሣ ብለው በ2023 ተስማሙ፤ ሆኖም እስከ 2025/26 የውድድር ዘመን መጨረሻ እንዲቆይ ነበር ስምምነቱ፣ የሚነሣውም ከደረት ነው፣ ክንድ ላይ መለጠፍ አልተከለከለም። ከበር ወጥቶ በመስኮት መግባት ማለት ነው።

የመጀመሪያው ማስታወቂያ መጣ። ሜዳው ቀጥ አለ። ልጁ ወደኔ ዞረ። "ጎሪላ አይተሃል?"

ሰው ሁሉ ይሰማል። ሽማግሌው ቢራውን ይዞ በደስታ ይጠብቃል። "አይቻለሁ" አልኩ። ሁለተኛው ማስታወቂያ ሲመጣ ሽንት ቤት ሄጄ በስልኬ አነበብኩ። ጎሪላ የማየት ፈቃድ ለውጭ ሰው 1,500 ዶላር፣ አብረው የሚገቡት ከ8 አይበልጡም፣ አንድ ሰዓት ብቻ ያያሉ። ተመልሼ ይሄን እንደ ባለሙያ ተናገርኩ። አባትየው ተደነቀ። ልጁ ግን ስለ ዋጋ ምን ቸገረው! ምን ይበላል? የት ይተኛል? በየማስታወቂያው አንድ ጥያቄ። አቤት፣ ያን ጨዋታ ማስታወቂያው በዛበት!

ያነበብኩት አለቀ። ከዚያ ወዲያ የቀረኝ በተማሪነቴ ሰሜን ተራሮች ላይ ያየሁት ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። እሱን ሰጠሁት። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። ማታ ገደል ላይ ያድራል። ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው።

"ጎሪላ?" አለ አባትየው ቅንድቡን ሰቅሎ።

"የሩዋንዳው ይለያል" አለ ሽማግሌው።

ልጁ የራሱን ደረት ነካ አድርጎ "ለአስተማሪዬ እነግራታለሁ" አለ። ሌሊት ከእንቅልፌ የምትቀሰቅሰኝ ይቺ ናት። አንዲት የሚኒሶታ አስተማሪ ሰሌዳ ፊት ቆማ ጎሪላ ጎፈር እንደሌለው ስታስረዳ፣ ልጁ እጁን አውጥቶ "እኔ ግን ከሩዋንዳ የመጣ ሰው ነግሮኛል" ሲል ይታየኛል።

ቫይኪንግስ 23 ለ 17 አሸነፈ። ስንወጣ አባትየው እጄን ጨበጠኝ። ልጁ ከፍ ሲልለት ቤተሰቡን ይዞ ሩዋንዳ እንደሚሄድ ነገረኝ፤ ወስኗል። "በየትኛው አየር መንገድ ብንሄድ ይሻለናል?" አለኝ።

ይሄን ጥያቄ እኔ ሳላውቀው ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት ነው። በአዲስ አበባ በኩል ኪጋሊ የሚያደርስ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በሰማይ ሲያልፍ እጄን ያውለበለብኩለት አየር መንገድ አለኝ። አፌን ከፍቼ "ኢት…" ስል ልጁ ጣቱን ደረቴ ላይ ተከለና ቀድሞኝ አነበበለት።