እጄ እስኪያርፍ፦ ከ6 ወር የሥራ ደብተሬ

እንደ እኔ በግላችሁ ዲጂታል ማርኬቲንግ ለምትሠሩ ይጠቅማል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ላለፉት 6 ወራት በየቀኑ ምን ስሠራ እንደዋልኩ ደብተር ላይ ስመዘግብ ቆይቻለሁ። ስጀምር የፈለግኩት ሰዓቴ የት እንደሚያልቅ ማወቅ ብቻ ነበር። ደብተሩ ያሳየኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሳገላብጥ አንድ ነገር ይደጋገማል። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ስልኬን አነሳና የሜታ አድስ ማናጀርን (የፌስቡክና የኢንስታግራም ማስታወቂያ የሚተዳደርበትን ገጽ) እከፍታለሁ። የትናንቱ ውጤት ከወረደ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በጀት እጨምራለሁ፣ ታርጌት (ማስታወቂያው የሚታያቸውን ሰዎች) እቀይራለሁ ወይም አንዱን ማስታወቂያ አጠፋለሁ። ማታ ደግሞ ደንበኛ «ዛሬ ምነው ቀዘቀዘ?» ብሎ ሲጽፍልኝ እንደገና እገባለሁ። በ14 ቀን ውስጥ ለአንድ ደንበኛ ብቻ 23 ለውጥ አድርጌያለሁ። ቁጥሩን ስደምር ደነገጥኩ። በእነዚያ ቀናት ተግቼ እየሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ለምን እንደሚጎዳ ላስረዳ። የሜታ ሲስተም አዲስ አድ ሴት (አንድ ታርጌት የሚጋሩ ማስታወቂያዎች ስብስብ) ሲከፈት ማስታወቂያውን ለማን፣ መቼ ቢያሳይ እንደሚሻል መጀመሪያ ይማራል። ከዚህ የመማሪያ ጊዜ ለመውጣት በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ 50 የሚሆን ውጤት ያስፈልገዋል። ውጤት የምለው እንዲያመጣ ያዘዝነውን ነው፤ ግዢ ካልነው ግዢ፣ ምዝገባ ካልነው ምዝገባ። ታርጌቱን ከቀየርን፣ ማስታወቂያውን ካረምን ወይም በጀቱን በአንድ ጊዜ በብዙ ከፍ ካደረግን ትምህርቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። የዚያ ደንበኛ ማስታወቂያ ወር ሙሉ ሲማር ነው የኖረው። አላስጨርስ ያልኩት እኔ ነኝ።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ቀድሜ ባውቅ ብዙ ጭንቀት ይቀርልኝ ነበር። የትናንት ቁጥር ዛሬ ጠዋት ገና ሙሉ አይደለም። ሰው ማስታወቂያውን ትናንት አይቶና ክሊክ አድርጎ ከሦስት ቀን በኋላ ቢገዛ፣ ሜታ ግዢውን የሚመዘግበው ማስታወቂያው በታየበት ቀን ላይ ነው። በተለመደው አሠራሩ ከክሊክ በኋላ 7 ቀን ድረስ ይጠብቃል። ስለዚህ ጠዋት «ወርዷል» ብዬ የቀየርኩት ቀን ከሳምንት በኋላ ስመለከተው ደህና ቀን ሆኖ አገኘዋለሁ።

ከዚያ ሒሳብ መሥራት ጀመርኩ። በሳምንት 50 ማለት በቀን 7 ገደማ ነው። ደንበኛዬ በቀን የሚሸጡት 2 ዕቃ ነበር። እኔ ደግሞ ያንኑ በጀት ለ4 አድ ሴት ከፋፍዬዋለሁ። ባልነካውም እንኳ 50 ሊሞላ አይችልም ነበር! አራቱን አንድ ላይ አዋሃድኩ። ግቡንም ከግዢ ወደ አድ ቱ ካርት፣ ማለትም ዕቃ መርጦ ቅርጫት ውስጥ ወደ ማስገባት ቀየርኩት፤ እሱ በቀን 10 ጊዜ ያህል ይደርሳል። ይህ የራሱ አደጋ አለው። ሲስተሙ መርጠው የሚተዉ ሰዎችንም ያመጣል። ስለዚህ በየሳምንቱ ትክክለኛውን የግዢ ቁጥር ለይቼ አያለሁ። እስካሁን ግዢው አልቀነሰም፤ የአንዱ ግዢ ወጪ ግን ወርዷል።

አሁን የለውጥ ቀኔ ማክሰኞ ብቻ ነው። በሌሎቹ ቀናት ጠዋት 10 ደቂቃ ገብቼ የተበላሸ ነገር እንዳለ አያለሁ። ማስታወቂያ ተከልክሏል? ሊንኩ ይሠራል? የማስታወቂያው ክፍያ ከካርዱ ላይ አልፏል? ከዚያ እዘጋዋለሁ። ማክሰኞ ስነካ ደብተሩ ላይ አራት ነገር እጽፋለሁ፦ ቀኑን፣ የለወጥኩትን፣ ለምን እንደለወጥኩና ምን እንደምጠብቅ። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥብኛል። የምጠብቀውን መጻፍ ሲያቅተኝ ለውጡን እተወዋለሁ፤ ከጭንቀት የመጣ መሆኑ ያኔ ይገባኛል።

ከባዱ ነገር ደንበኛን ማስረዳት ነበር። አንድ ደንበኛ «እየከፈልኩሽ ዝም ትያለሽ?» ብለው ጻፉልኝ። ልክ ናቸው፤ ከውጭ ሲታይ ዝምታ ነው። «እስከ ማክሰኞ አልነካውም። ምክንያቱ ይህ ነው፤ የምጠብቀው ደግሞ ይህ ነው» ብዬ ከደብተሬ ላይ ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አይጽፉልኝም። ሌላ ደንበኛ ግን አልተዋጠላቸውም፤ ተለያየን። አዝኛለሁ፤ ግን ወደ 23ቱ ለውጥ አልመለስም።

ነካ ነካ ማድረጉ ሲቀንስ በቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ተረፈኝ። መጀመሪያ ያዋልኩት የዩቲኤም ሊንኮቼን (ጎብኚው ከየት እንደመጣ የሚናገር ምልክት ያላቸውን ሊንኮች) ለማጽዳት ነው። አንዱ ሊንክ ላይ ፌስቡክን በትልቅ ኤፍ፣ ሌላው ላይ በትንሽ ኤፍ ጽፌ ነበር። የድረ ገጽ ጎብኚዎችን የሚቆጥረው ጎግል አናሊቲክስ ይህን እንደ ሁለት የተለያየ ምንጭ ይቆጥረዋል፤ ሪፖርቴ ለወራት የተዛባው በዚህ ነበር። አሁን ሁሉንም በትንሽ ፊደል፣ ከአንድ ሰንጠረዥ ላይ ብቻ ኮፒ እያደረግኩ ነው የምጠቀመው።

ቀጥሎ የጎግል አድስን የፍለጋ ቃላት ሪፖርት (ሰዎች ጎግል ላይ ምን ብለው ሲፈልጉ ማስታወቂያችን እንደወጣ የሚያሳየውን) በየሳምንቱ ማንበብ ያዝኩ። የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና የሚሰጡ ደንበኛ አሉኝ። ክሊክ ከሚያደርጉት ብዙዎቹ ሥልጠና ሳይሆን የሒሳብ ሠራተኛ ክፍት ቦታ የሚፈልጉ ነበሩ። ለእያንዳንዱ ክሊክ ደግሞ ይከፈላል። «ክፍት የሥራ ቦታ»፣ «ቅጥር»፣ «ደመወዝ» የሚሉትን ኔጌቲቭ ኪወርድ (ሲፈለጉ ማስታወቂያው እንዳይወጣባቸው የሚከለከሉ ቃላት) አድርጌ አስገባኋቸው። ሥራው 20 ደቂቃ አልፈጀም። ከሠራኋቸው ሁሉ እንደዚህ በአጭር ጊዜ ገንዘብ ያዳነ የለም።

ያልተሻሻለልኝም አለ። ኢንቮይስ አሁንም አዘገያለሁ። ለማስታወቂያ ጽሑፍ የመደብኩትን የጠዋት ሰዓት የስልክ ጥሪ ይበላብኛል፤ በ6 ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያስከበርኩት ሳምንት 5 ብቻ ነው። በዚህ ላይ መላ ያገኘ ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

አሁን አንድ አዲስ ሙከራ ላይ ነኝ። ገዢዎቻቸው ለመወሰን ብዙ ቀን ለሚፈጅባቸው ደንበኛ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ሳልነካ ልቆይ ተስማምተናል። ዛሬ ዘጠነኛው ቀን ነው። ትናንት ቁጥሩ ወርዶ አይቼ እጄ ሄዶ ነበር፤ ግን ዘጋሁት። የምጠብቀውን ጽፌዋለሁ። አምስት ቀን ሲያልፍ ከደረሰው ጋር አስተያየዋለሁ።